ሰው አለው

ሌሊሴ የመጀመሪያ ሥራዋን ያገኘችው ቤቴል፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለው ጂም ነው። ሰዎች ለስፖርት ክፍለ ጊዜ በስልካቸው ቦታ የሚይዙበትን መተግበሪያ እንድትሠራ ነበር የተቀጠረችው።

የጂሙ ባለቤት ግሩም አምሐ በዕድሜ ከእሷ ብዙም አይበልጥም። የሚፈልገውን በአጭሩ ነገራት።

«የጠዋቱን አሥራ ሁለት ተኩል ሽማግሌዎች ይዘውታል። እኔ ለወጣቶቹ የዙምባ ዳንስ እፈልገዋለሁ። ውጡ ብዬ ከሰፈር ሰው ጋር አልጣላም፤ ስልኩ ይፍረድ። እሑድ ምዝገባ ሲከፈት ቀድሞ የሞላው ክፍል ሰዓቱን ይወስዳል።»

«እነሱ እኮ ስልክ አይችሉም።»

«እኔ ምን ላድርግ? በዚያ ዕድሜ ሦስት ፎቅ ወጥቶ መዝለል ምን ያደርጋል? እናቴን ብታዪያት፣ ስልክም ሲምም ገዝቼላት ቤቷ ቁጭ ብላ መዝሙር ትሰማለች። ጠዋት ኪዳን ታደርሳለች፣ በቃ። ጉልበቷ እንኳ ሰሞኑን ተሽሏታል። ጸሎት ነው።»

ሌሊሴ በማግስቱ ማለዳ ክፍሉን ለማየት መጣች። ግሩም ከሦስት ሰዓት በፊት ስለማይገባ በሩን የከፈተላት ዘበኛው ነው።

ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር አቶ ባምላኩ ቀድመው ደርሰዋል። ባርኔጣቸውን አንዱ ምንጣፍ ላይ፣ ፎጣቸውን ሌላው ላይ፣ መነጽራቸውን ሦስተኛው ላይ አስቀምጠዋል።

«ይሄ የያደሳ ነው፣ ይሄ የአልፊያ ነው። ሰው አለው» አሏት፣ ልትቀመጥ መስሏቸው።

ሌሎቹም እየተንጠባጠቡ ገቡ። ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ሴቶች ነጠላቸውን አጣጥፈው መስኮቱ ላይ ደረደሩ፣ ሸራ ጫማቸውን ከፌስታል አወጡ። ሌሊሴ ስለ ምዝገባው ነገረቻቸው።

«ስልክ እጅህን ዘርጋ ካላለኝ አልዘረጋም ማለት ነው?» አሉ አቶ ባምላኩ። «ይሞክሩን። አንወርድም።»

አንዲት ጠይም ሴትዮ ከኋላ ረድፍ፣ እግራቸውን ማፍታታታቸውን ሳያቆሙ ጠየቋት። «ልጄ፣ አንዱ ለጎረቤቱም መያዝ ይችላል?»

ሌሊሴ አሰበችበት። ይህ ክፍል የኖረው አንዱ ለሌላው ቦታ እየያዘ ነው። እንዲቻል አድርጋ ሠራችው። የተያዘ ቦታ ላይ «ሰው አለው» የሚል ጽሑፍ እንዲወጣም አደረገች።

ግሩም ይህን ሲያይ ሳቀ። «ይሁን። ግን የውሸት ስም አልፈልግም። በሞባይል ሲከፍሉ የሲም ካርዱ ባለቤት ስም ይመጣ የለ? እሱ ይጻፍ።»

የዙምባ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር ለመኑ። ቁጥራቸውን ማንም እንዳያይ፤ ባለፈው ዓመት እየደወለ ያስቸገራቸው ሰው ነበር። ሌሊሴ ቃል ገባችላቸው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ምዝገባው ተከፈተ። ወዲያው ግሩም ደወለ።

«አሁኑኑ ነይ!»

ስትደርስ ስክሪኑ ፊት ቆሞ ነበር። የሽማግሌዎቹ ክፍል ሞልቷል። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ አለ። ሰው አለው፣ ግሩም አምሐ። ሰው አለው፣ ግሩም አምሐ።

«በገዛ ስሜ ትቀልጂብኛለሽ?»

«እኔ አላስገባሁም።»

«ታዲያ ማን? ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው! ሽማግሌዎቹ አሳዘኑሽ፣ ሞላሽላቸው። ካልሆነ ቁጥሩን አሳዪኝ።»

«አላሳይም።»

«ምን አልሽ?»

«ቃል ገብቻለሁ። ዛሬ ለአንተ ከከፈትኩት ነገ ለማንም ይከፈታል።»

«እንግዲያው ሥራሽን ይዘሽ ሂጂ። ከዚህ እስከ ጦር ኃይሎች አንድ ጂም እንዳያስገባሽ አደርጋለሁ።»

ሌሊሴ ስልኳን አጥፍታ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

«ነገ ጠዋት በሩ ላይ ቁም» አለችው። «የያዘው ሰው ማረጋገጫውን ስልኩ ላይ ያሳይሃል። ማንም ካልመጣ ራሴ አጥፍቼው እሄዳለሁ።»

ሰኞ ማለዳ ግሩም ሁለት እጁን ዘርግቶ በሩን ዘጋ። ሽማግሌዎቹ ደረጃው ላይ ተሰለፉ። ሌሊሴ ከፊት፣ ከአቶ ባምላኩ ጎን ቆመች።

«አባባ፣ በስሜ የያዙት እርስዎ ነዎት?»

«የእኔ ስልክ ከመደወል ሌላ አያውቅም። ግን ቦታችንን ይዘናል፣ ዞር በል።»

«ማን እንደያዘላችሁ ይንገሩኛ!»

«አልነግርህም። ስማኝ ልጄ፣ በየፌርማታው በር ላይ ተገትሮ ሰው አላሳልፍም የሚል አይጠፋም ነበር። ሁሉም በመጨረሻ ወርዷል።»

ሰልፉ ሳቀ። የግሩም ፊት ቀላ።

«የያዘው ሰው ማረጋገጫ ያሳየኝ፣ አለዚያ ሁላችሁም ውረዱ! አንቺም ጭምር!»

ሌሊሴ ንቅንቅ አላለችም። ከኋላዋም አንድ ሰው አልወረደም።

ያኔ ከታች እርምጃ ተሰማ። የሚወጣው ሰው መደገፊያውን አልያዘም፣ አያለከልክምም። ሰልፉ ግራና ቀኝ እየተከፈለ መንገድ ለቀቀ። የኋላ ረድፏ ጠይም ሴትዮ ነበሩ። በአንድ እጃቸው የሸራ ጫማ ፌስታል ይዘዋል፤ በሌላው ማረጋገጫው የበራበትን ስልክ ወደ ግሩም ፊት አነሱ።

የግሩም እጆች ወደ ጎኑ ወደቁ።

«ሲሙን በስምህ አውጥተህ የሰጠኸኝ አንተው ነህ፣ ግሩሜ» አሉት እናቱ፤ «ቁርስህ ቤት ተከድኖልሃል፣ አሁን ከበሩ ዞር በልልኝ።»