የቀጮ ሸሚዝ

እናትየዋ ማይክራፎኑን፣ ይናከስ ይሆን እንደሚባል እንስሳ፣ ከአፏ ራቅ አድርጋ ያዘችው።

«አይዞዎት እማማ» አለ አስጎብኚው። «የሚናገሩት ስለ ሸሚዙ ብቻ ነው፣ አጭር ነገር። ድምፅዎ እዚህ ክፍል ይቀመጥና ጎብኚ ሁሉ ይሰማዋል።»

«እሺ ልጄ።»

እሺ አለች እንጂ አልገባትም። ሲጀመር ቤቱ ራሱ አልገባት ብሏል። ልጆቿን ያሳደገችበት የገዛ ቤቷ ነው፤ አሁን ሙዚየም አድርገውታል። አፈር የነበረው ወለል ላይ ግን ፊት የሚያሳይ ሴራሚክ ተነጥፎበታል። አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙረውታል፤ በዚያ በኩል ጣሪያው ስለሚያፈስ ድመት እንኳ አይተኛም ነበር። «የተወለዱት እዚህ ጋ ነው» ብለው ያሳዩአት ጥግ ደግሞ የማገዶ መከመሪያዋ ነው። ልጇ የአገር መሪ ከሆነ ወዲህ ስለ ልጇ ከእሷ ይልቅ ሌላው ሰው ያውቃል። እሷም «የረሳሁት እኔ እሆናለሁ» እያለች ዝም ማለት ለምዳለች።

አስጎብኚው ጉሮሮውን ጠረገና በቃሉ የያዘውን አንበለበለው። «ክቡር መሪያችን ገና በልጅነታቸው፣ የትምህርት ቤቱን መስኮት የሰበረው ሌላ ልጅ ሆኖ ሳለ፣ ‹እኔ ነኝ› ብለው የተገረፉለት ዕለት የለበሱት ሸሚዝ ይህ ነው።»

እናትየዋ ወደ መስታወቱ ሣጥን ጎንበስ አለች። ከጀርባው ተቀዶ የተጣፈ የልጅ ሸሚዝ ነው። መጣፊያውን ከቀሚሷ ጫፍ ቆርጣ የሰፋችው ራሷ ናት። ሰው ሁሉን ቢረሳ የገዛ ስፌቱን እንዴት ይረሳል? ዕቃዋ ሥር ሸሽጋ ያኖረችውን፣ ቤቱን ሲያድሱ ከነጓዙ ወስደውት ኖሯል።

ሸሚዙ የቀጮ ነው።

ሁለት ወንዶች ነበሯት። ትልቁን ቀጮ፣ ትንሹን ድምቡሼ ትላቸው ነበር። ኋላ እንደ ደረሰችበት፣ መስኮቱን የሰበረው ድምቡሼ፣ የተገረፈለት ቀጮ። በዚያው ዓመት ቀጮን ትኩሳት ወሰደው። ድምቡሼ አደገ፣ ድምፁ ወፈረ፣ ፎቶው በየግድግዳው ተሰቀለ። ዛሬ ድምቡሼ ብሎ የሚጠራው ከእሷ በቀር አገር ምድሩ ላይ የለም፤ እሷም ብትሆን በሆዷ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ የወንድሙ ነው» አለች።

«የማን ወንድም?»

«የሱ ነዋ! የታላቅ ወንድሙ።»

አስጎብኚው ፈገግ አለ፤ ዕድሜ የተጫነው ሰው ሲሳሳት እንደሚደረገው። «እማማ፣ እሳቸው አንድያ ልጅዎ ናቸው እኮ። እንዲህ ብለው የተናገሩት ራሳቸው ናቸው።»

«ራሱ?»

«በገዛ አንደበታቸው።»

ድምፅ የሚቀዳው ሰው ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ገለጥ አድርጎ ሳቀ። «አንተ ሰውዬ፣ ምጡ ላይ ነበርክ እንዴ? ከእናት ጋር ትከራከራለህ?»

«አንተ ሽቦህን ጠብቅ።»

ራሱ? ምናልባት ረስቶ ይሆናል። ድሮም ከወንድሙ ጋር አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ አድሮ፣ የወንድሙን ሕልም «እኔ ነኝ ያየሁት» እያለ የሚያወራ ልጅ ነበር። ወይስ አውቆ ነው? አውቆ ከሆነስ ወንድሙን ነጥቆት ነው፣ ወይስ ሌላ መላ ቢያጣ በራሱ ስም ደብቆ አኑሮለት? «የሱ አይደለም» ብትል ሸሚዙን ከዚያ ያወጡታል፤ የት እንደሚጥሉት እንጃ። የቀረውም ልጇ በአገሩ ፊት ውሸታም ሊባል ነው። «የሱ ነው» ብትል ደግሞ ቀጮን በገዛ አፏ እንዳልወለደችው ማድረጓ ነው። የቱን ጣቷን ትቁረጥ?

«እማማ፣ እየቀዳን ነው።»

«ይህ የልጄ ሸሚዝ ነው» አለች።

እስከዚህ ድረስ ውሸት የለበትም። ወንዝ እንደሚሻገር ሰው፣ ቀጥሎ የምትረግጠውን እያየች ቀጠለች።

«ቀጭን ነበር። እህል አይወርድለትም፣ ካልለመኑት አይበላም። ያን ቀን ተገርፎ መጣ። ማን እንደ ሰበረው ብጠይቀው፣ ብጠይቀው አልነገረኝም። ጀርባውን ለብ ባለ ውሃ ሳጥብለት ‹የተመታሁት እኔ፣ የምታለቅሺው አንቺ!› ብሎ ሳቀብኝ። ሸሚዙን ስሰፋው፣ ለከርሞ እንዲሆነው ብዬ ጎኑን ሰፋ አድርጌለት ነበር።» ትንፋሽ ወሰደች። «ለከርሞ አልደረሰም።»

አስጎብኚው ከሣጥኑ በላይ የተሰቀለውን ፎቶ ቀና ብሎ አየ፤ የመሪው አንገት ከኮሌታው ተርፎ ፈስሷል። ከዚያ ሸሚዙን አየ። መልሶ ፎቶውን።

«በልጅነታቸው… ቀጭን ነበሩ ማለት ነው» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

«መጨረሻዋን ልቁረጣት?» አለ ድምፅ የሚቀዳው።

አስጎብኚው መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ። «ተወው» አለ። «እንዳለ ይሁን። እስቲ አሰማን።»

ከግድግዳው ውስጥ የአንዲት አሮጊት ድምፅ መጣ፣ ሻከር ያለ፣ ዝግ ያለ። እናትየዋ ማን ገባ ብላ ወደ በሩ ዞረች። የገዛ ድምፅዋን ከውጭ ሰምታ አታውቅም። በሩ ላይ ማንም የለም። የግድግዳዋ ሴትዮ ግን ቀጭን እንደ ነበር ታውቃለች፤ እህል እንደማይወርድለትም፣ እንዴት እንደሚስቅም ታውቃለች። ስለ ቀጮ ከሰው አፍ ከሰማች ስንት ዘመኗ!

ተጠግታ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ድምፁ ሲያበቃ፣ ጆሮዋን ከልስኑ ላይ ሳታነሳ፣ እጇን ወደ አስጎብኚው ዘረጋች።

«ልጄ፣ ይቺን ሴትዮ ደግመህ አናግራት።»