የጥርስ ሠሪው ቁልቋሎች

ጥርስ ሠሪው የከተማውን ግማሽ ሰው አስቆታል ይባላል። እሱ ራሱ ግን ሚስቱ ከሞተች ወዲህ፣ የሚያስቀው ቀርቶ ሲያነጥስ «ይማርህ» የሚለው ሰው አልነበረውም።

የሚሠራው እዚያው ቤቱ ውስጥ ነው። የፊተኛው ክፍል ሥራ ቦታው፣ የኋለኛው መኝታው። ከሐኪም ቤት የሚላክለትን የድድ ልክ በጀሶ ያወጣል፣ ጥርሱን ይደረድራል፣ ይሞርዳል፣ ይልካል። ጥርሱን የሚያጠልቀውን ሰው አያየውም።

ታላቅ እህቱ ከከተማው ማዶ ትኖራለች፤ በአውቶቡስ የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው። ከቀብሩ በኋላ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ደጁን አልረገጠችም። ክፋት ኖሮባት አይደለም። የልጅ ልጆች አሏት፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ስልክ ደግሞ አለ። «በሚቀጥለው ሳምንት ብቅ እላለሁ» ትለዋለች።

አንድ ጊዜ ጀሶ የሚያቀርብለት ነጋዴ ከሩቅ አገር ሲመለስ የቁልቋል ቁራጭ አመጣለት።

«አፍልተህ ብትጠጣው የማታየው የለም» አለው።

«ሚስቴንም?»

«እሱን እንጃ።»

እሑድ ከሰዓት ሁሉንም አፍልቶ ጠጣው። ሚስቱ አልመጣችም። ይልቁንስ መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት የጀሶ መንጋጎች በሙሉ ማውራት ጀመሩ። ሞቅ ያለ ጨዋታ ነበር፤ ይሳሳቃሉ፣ ወሬ ይቀባበላሉ። አንዱም ግን ወደ እሱ ዞር አላለም። ሲያስመልሰው፣ ላብ ሲያጠምቀው፣ እንደምንም ስልኩን አንስቶ «እትዬ፣ ድረሽልኝ» አለ።

በሃያ ደቂቃ ደረሰች። ሁለት እግሯ ላይ ሁለት ዓይነት ጫማ አድርጋለች። ግንባሩን በእርጥብ ፎጣ እየጠረገች፣ እየተሳደበች፣ ሾርባ እየጋተችው እስኪመሽ ተቀመጠች። አባታቸው ሲያንኮራፋ ድመቷ ቤት ጥላ ትወጣ እንደነበር አስታወሰችውና ሁለቱም እስኪያማቸው ሳቁ።

ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ቆመች። «ሁለተኛ ላትነካው በእኔ ማል።»

«እትዬ ትሙት» አለ።

በወሩ በረንዳው ላይ ሁለት ቁልቋል ታየ። ከዚያ አምስት። ከዚያ አሥራ ሁለት። ውሃቸውን በማንኪያ ይለካል፤ በእሾሃቸው መሀል የገባውን አቧራ በጥርስ ብሩሽ ይጠርጋል፤ ጎናቸውን ወደ ፀሐይ ያዞራል። ዓርብ ዓርብ ከሥራ በኋላ ደብተር ይዞ አጠገባቸው ይቀመጣል። ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ ደግሞ ይጽፋል። ከዚያ ይደውላል።

«እትዬ፣ ዛሬም አየሁ።»

ቅዳሜ በጠዋት እህቱ ደጁ ላይ ናት።

«በእኔ ምለህ አልነበረም?»

«ምያለሁ።»

«ታዲያስ?»

ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ ዝቃጭ ያለበት ብርጭቆ ተቀምጧል።

«ደሞ ምን ታየህ?» የምትጠይቀው ተቆጥታ ነው፤ ግን ወንበር ስባ ትሰማለች። እማዬ ወንዝ ዳር ጸጉሯን ስታበጥር አየኋት ይላታል፤ ወንዙ አለቀ፣ ጸጉሯ አላለቀም። እህቱ ታለቅሳለች። ከዚያ ምሳ ትሠራለች፣ መጋረጃ ታጥባለች፣ ትመክረዋለች፣ ትሰድበዋለች፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትሄዳለች። እንዲህ ሆኖ ስምንት ወር አለፈ።

በመሀሉ ሐኪም የሆነው ልጇ መጥቶ ደሙን ወሰደ። ውጤቱ ሲወጣ ግራ ገባው።

«ምንም የለበትም» አላት እናቱን። «ቶሎ ከሰውነት የሚወጣ ዓይነት መሆን አለበት።»

«እጁስ እንዴት አይንቀጠቀጥም? ያንን ደቃቃ ጥርስ ሲሞርድ ውሎ!»

«ገና ነው እንጂ መጨረሻው አያምርም።»

እህቱ ከሳች። ባሏ «ወንድምሽን አድናለሁ ብለሽ አንቺ ልታልቂ ነው» አላት። አንድ ቅዳሜ ሦስቱም ጆንያ ይዘው መጡ።

ጥርስ ሠሪው የበረንዳውን በር በጀርባው ከልሎ ቆመ።

«እትዬ፣ አንዷን ብቻ ተይልኝ።»

«አንዷም አትቀርም!»

«ትንሿን እንኳ።»

ድምፁ ሲሰበር ሐኪሙ ፊቱን አዞረ። ባሏ ትልቁን ሸክላ አቅፎ ደረጃውን ሲወርድ «ምነው፣ አንዱም ላይ ቢላ ያረፈበት አይመስልም» አለ።

«እንደ ጸጉር ይበቅላላ!» አለች እህት። ጆንያውን ራሷ አሰረችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣች። በረንዳው ባዶ፣ ብርጭቆው ንጹሕ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ተጫውታ ደስ ብሏት ሄደች። በሁለተኛው ደወለች።

«የታየህ ነገር አለ?»

«የለም።»

«ተመስገን! አሁን ልቤ አረፈ።»

በሦስተኛው ጉልበቷን አመማት። በአራተኛው ስልኩ አልጮኸም። በአምስተኛው ጥርስ ሠሪው ለምሳ ሁለት ሰሃን አወጣና አንዱን መልሶ ከተተው።

በስድስተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ረፋድ ላይ፣ የጀመረውን መንጋጋ ሳይጨርስ ኮቱን ደርቦ ወጣ። ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመለሰ። በሦስተኛው ተክል መሸጫው ጋ ደረሰ። ሻጯ ገና ከሩቅ ለየችው።

«ጠፋህ እኮ! ቁልቋሎችህ ደህና ናቸው?»

«ወሰዱብኝ።»

ሴትየዋ ግራና ቀኝ ገላምጣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እንኳን መጣህ። እውነተኛው ገብቶልኛል፤ ያ የሚያሳየው። ላውጣልህ?»

«አይ፣ እንደ በፊቶቹ ይሁንልኝ» አለ ጥርስ ሠሪው፤ «መልኩ ብቻ የሚመስለውን፣ ምንም የማያሳየውን።»