ትልቁ ፓምፕ

መሐንዲሷ ሬዑት የፓምፑን ማስነሻ ተጫነች። የከተማው ውሃ በእስራኤል፣ ቤኤር ቱቪያ በተሠራው አዲስ መጋዘን ጣሪያ ላይ ወዳሉት የእሳት ማጥፊያ ቧንቧዎች በቂ ግፊት ይዞ እንደማይደርስ አስልታ፣ «ትልቅ ፓምፕ ካልተገዛ አልፈርምም» ብላ ከአለቃዋ ጋር የተጋጨችው እሷ ነበረች። የግፊት መለኪያው ሰባት መድረስ ነበረበት። መርፌው አራት ላይ ቆም አለ፤ አለቃዋ ዞር ብሎ አያት። ከዚያ መርፌው ተንቀጠቀጠና ስድስትን አልፎ ሰባት ላይ ጸና።

«ቤሰደር» አለ አለቃዋ በዕብራይስጥ፤ «እሺ፣ ልክ ነበርሽ።»

አልሰማችውም። ለሙከራ ከተከፈተው፣ ከሁሉ ርቆ ካለው ቧንቧ ውሃው እንደ ዶፍ ሲወርድ፣ በመጋዘኑ ዕቃ ሊደረድር የተቀጠረውን አባቷን ፈንቴን ከሥሩ ቆሞ አየችው።

«አባ፣ በሰበስክ እኮ፤ ውጣ» እያለች ሮጠች።

«ቆይ ልጄ፣ አወራረዱን ልየው» አላት እየሳቀ። «ከነገ ጀምሮ እዚህ ሥር የምሠራው እኔ አይደለሁ?»