ሁለቱ ጠርሙሶች

ጠርሙሶቹ ላይ ያለውን ስም በገዛ እጄ ቀያይሬ ሳለ፣ መሣሪያው ልጁን እንዴት ያዘው?

የልጅ ልጄ ፌቨን ላቦራቶሪ ነው የምትሠራው። ከቅጠላ ቅጠል፣ ከጫትም ጭምር፣ ወደ ሰው ሽንት የሚገባ ፍላቮኖይድ የሚባል ነገር አለ፤ እሱን ማስ ስፔክትሮሜትር በሚሉት መሣሪያ በክብደቱ ትለየዋለች። ለጥናቷ የቤቱን ሰው ሁሉ ሽንት ተቀብላ፣ በየጠርሙሱ ስም ለጥፋ፣ ፍሪጅ ውስጥ ከምስር ወጤ ጎን ደረደረችው። አባቷ ይህን ሲሰማ ወንድሟን ናሆምን፣ «ጫት ከተገኘብህ የምትነዳውን የታክሲዬን ቁልፍ ትመልሳለህ» አለው። የልጁ ፊት ሲገረጣ አየሁ። ጠዋት ማንም ሳይነሳ የእሱንና የእኔን ስም አቀያየርኩት። ጫቱ በእኔ ቢወጣ፣ አሮጊትን ማን ይቆጣል ብዬ ነው።

ዛሬ ፌቨን ውጤቱን ይዛ መጣች። «እማማ፣ ያንቺ ንጹሕ ነው። የናሆም ግን ጫት አለበት።»

ናሆም ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «እማማ፣ ጠርሙሶቹን ነክተሻል እንዴ?»

«ላንተው ብዬ ስሙን ቀየርኩት።»

«እኔ እኮ ማታውኑ ካንቺው ጋር ቀይሬው ነበር።»

አባቱ እጁን ዘረጋ። ናሆም ቁልፉን መዳፉ ላይ አኖረለትና ከቤት ወጣ።