እንደ መስኮቱ ፎቶ ያለ ቬሎ

አኑካ ከተራራው መንደር ወርዳ ሲጌት ከተማ የደረሰችው ሱቆች ገና ሲከፈቱ ነው። ዓይኗ አብጧል። ልብስ ሰፊዋን ቬቱሪያን እጇን ይዛ ወደ ጎረቤት ፎቶ ቤት ወሰደቻትና መስኮቱ ላይ የተሰቀለውን ፎቶ አሳየቻት። ነጭ ሳቲን የለበሰች የከተማ ሙሽራ ናት።

«ልክ እንደዚህ ስፊልኝ። ልጄ ኢሌና ገበያ በወረድን ቁጥር ከዚህ መስኮት አትላቀቅም ነበር። ለነገ ይድረስልኝ።»

«ለነገ? እትዬ፣ እኔ እኮ ሸረሪት አይደለሁም!»

«እባክሽ። ካልደረሰ ልጄን በምን እሸኛታለሁ?»

ቬቱሪያ ከሩቋ ከተማ ከክሉዥ ተድራ የመጣችው በቅርቡ ነው። ቢሆንም የጥድፊያ ሰርግ ትርጉሙ የትም አገር አንድ እንደሆነ ታምናለች።

«እሺ፣ ትምጣና ልለካት።»

«መምጣት አትችልም።» አኑካ ከዘንቢሏ አሮጌ ቀሚስ አወጣች። «በዚህ ለኪ። ጀርባውን ክፍት ተዪው፤ እኔ በጥብጣብ አስረዋለሁ።»

ቬቱሪያ ፈገግ አለች። «ገባኝ። ወገቡን ሰፋ ላድርገው?»

«እንዳሻሽ።»

«ሙሽራውስ ማነው?»

«የጎረቤታችን ልጅ። ትናንት ለመንነው፤ እሺ አለ። እግዜር ይስጠው።»

አኑካ ፎቶ አንሺውን ዮሲፍን ለሰርጉ ቀጥራ ስትሄድ ቬቱሪያ ሳቋን ለቀቀችው።

«ሰማህ ጋሼ ዮሲፍ? ለመንነው አለች! አባትየው መጥረቢያ ይዞ ነው የለመነው በለኝ። ስታነሳት አበባውን ሆዷ ላይ አስይዛት፣ አደራ!»

ዮሲፍም ሳቀ። ወሬው ከምሳ በፊት ገበያውን አዳረሰው።

ቬሎው ደረሰ። በማግስቱ ዮሲፍ ይዞት ወደ ተራራው ወጣ። ሲመለስ ቬቱሪያን ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

ፎቶው ታጥቦ እንደደረቀ ግን ገብታ ከእጁ ነጠቀችው። መጀመሪያ ያየችው ወገቡን ነው። ያሰፋችው ጨርቅ ተርፎ ተጣጥፏል።

ቤቱ ጨለማ ስለነበር ካሜራው ብርሃን እስኪበቃው ረጅም ጊዜ ወስዷል። ያን ያህል ሳይነቃነቅ መቆየት የቻለ የለም፤ ሙሽራው፣ እናትየዋ፣ ቄሱም ሳይቀሩ ደብዝዘዋል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ኢሌና ብቻ የዳንቴሏ ክር ሳይቀር ጥርት ብላ ትታያለች።

«አቤት ጉብዝና!» አለች ቬቱሪያ። «ትንፋሿን እንኳ ዋጥ አድርጋለች። ምን ብለህ አባበልካት?»

«ቬቱሪያ፣ እነሱ መንደር ልጃገረድ ሳትዳር አትቀበርም።»