ሥሩ ያልተቋጨ ጥርስ

«ይሄ የማን ፋይል ነው? የሌላ ሰው ነው የሰጣችሁኝ!» አለች ዶክተር ኢየሩሳሌም፣ አንገቷን በበሩ አውጥታ።

ተሻገር ከሴት ልጁ አጠገብ ኮፍያውን ጨብጦ ቆሟል። ሶልያና ቀኝ ጉንጯ አብጦ የጥርስ ሕክምናው ወንበር ላይ ተጋድማለች። ሦስት ቀን ሙሉ ሲጠዘጥዛት ነው ከሰፈራቸው ከኢስት ዮርክ ወደ ዳንፎርዝ ጎዳና ይዟት የወረደው፤ ለማስታገሻ እንጂ ለሌላ ነገር አልነበረም።

«የእሷው ነው፣ ዶክተር» አለች እንግዳ ተቀባይዋ መቅደስ ከውጭ። «ዛሬ ያለችን ሶልያና አንድ ናት።»

ዶክተሯ ስክሪኑ ላይ ያለውን ኤክስሬይ አየች፤ ፋይሉን አየች፤ ልጅቷን አየች። ዶክተሯ እዚሁ ቶሮንቶ የተወለደች ናት፤ አማርኛዋ አንድ እግሩ እንግሊዝኛ ውስጥ ነው።

«ሶሪ፣ ጋሼ ተሻገር። ፋይሉ ሃያ አራት ዓመት ይላል።»

ያቺ ቁጥር እዚህም ተከትላው መጣች። ከአምስት ዓመት በፊት፣ ናይሮቢ ሳሉ፣ የስደተኛውን ፎርም የሞላው እሱ ራሱ ነው፤ በሚኮራበት የእጅ ጽሑፉ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2001 ብሎ። ቀኑም ልክ፣ ወሩም ልክ፣ ዓመቱም ልክ፤ በእኛ አቆጣጠር። ፈረንጆቹ ግን በራሳቸው አነበቡትና ልጅቷ በአንድ መስመር ስምንት ዓመት አረጀች። የልደት ወረቀቷ ጥለውት በሸሹት ቤት ቀርቷል። አሁን መደበኛው ትምህርት ቤት «ዕድሜሽ አልፏል» ብሎ መልሷት፣ ከእናቶች ጋር የአዋቂዎች ክፍል ትማራለች። «ልጆችሽ ስንት ናቸው?» ይሏታል። ተሻገር «ጥፋቱ የእኔ ነው» እያለ ያላንኳኳው ቢሮ የለም። «ከሐኪምም ቢሆን ማስረጃ አምጣ» ነው መልሱ።

ይህን ሁሉ ከየት ጀምሮ እንደሚያስረዳት ሲያስብ፣ ዶክተሯ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ ዊዝደም ቱዝ ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚበቅለው መንጋጋ። ቦታ አጥቶ በጎኑ ተኝቷል፤ የሚያማት እሱ ነው። ግን ሥሩን ይዩት። ሲሶውም አልወጣም፤ ጫፉ ክፍት ነው። አራቱም እንደዚሁ ናቸው። ሃያ አራት ዓመት የሆነው ሰው ሥሩ አድጎ አልቆ፣ ጫፉም ተዘግቶ ነው የምናገኘው። ለዚህ ነው የሌላ ሰው ፋይል የመሰለኝ።»

ተሻገር ቀረበ። ጥርሷ እንደ ተኛ ሕፃን ተጋድማለች፤ ከሥሯ ጫፏ ያልተቋጨ ኩታ ትመስላለች።

«ታዲያ ስንት ይሆናታል?» አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

«ኤግዛክት አይናገርም። አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ሊሆን ይችላል። ሃያ አራት ግን ኖ ዌይ።»

«ይሄንን… ይጽፉልኛል?»

«እጽፋለሁ፤ እፈርማለሁ፤ ኤክስሬዩንም አያይዛለሁ።»

ሶልያና ከተጋደመችበት ብድግ አለች። «አባዬ! አሥራ ስድስቴን ጥርሴ መሰከረልኝ!» ቃሉ ባበጠው ጉንጯ በኩል ተንሻፎ ወጣ።

«ጥርሱ ግን መውጣት አለበት» አለች ዶክተሯ እየሳቀች። «ሥሩ ሳይረዝም ብናወጣው ይቀላል።»

«ደብዳቤው ሳይጻፍ እንዳይነኩት!» ተሻገር በልጁና በመሣሪያው ጠረጴዛ መካከል ገባ። «ምስክሬን እንዳይነቅሉብኝ!»

መቅደስ ከውጭ እልል አለች፤ ሦስት ጊዜ፣ ሴት ልጅ ስትወለድ እንደሚባለው። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ምን እንደተገኘ ሳያውቁ አጨበጨቡ።

የኤክስሬዩ ወረቀት ከማተሚያው ትኩስ እንደሆነ ወጣ። ተሻገር ኮፍያውን ወንበሩ ላይ ጣለና እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ ተቀበለው።