ያለ ጥሩምባ

ጥሩምባ ነፊው ጥሩምባውን ደረቱ ላይ ታቅፎ የእድሩ ዕቃ ቤት በር ላይ ቆመ። ሚስቱ ጎህ ሲቀድ ሞታበታለች። የእድሩ ሊቀ መንበር የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በእጃቸው ይዘው በሩን ግን አልከፈቱም።

«ድንኳኗን ብቻ፣ ጋሼ» አላቸው።

«አንተ እኮ የእድሩ ቅጥረኛ ነህ እንጂ አባል አይደለህም። ለአንተ ከተፈቀደ ነገ ዘበኛው ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ተከራዩ። የሌላ እድር ሰዎች ከሞጣ ድረስ መጥተው ደንባችንን የሚቀዱት ለምን ይመስልሃል? ሀብታም ከደሃ ሳንለይ እኩል ስለምንቀብር ነው።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። በየሰፈሩ የምለፍፈው እኔው አይደለሁ?»

«በል እንግዲህ፣ እግዜር ያጽናህ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ሊጨብጣቸው እጁን ሲሰጥ ጥሩምባውን ተቀበሉት። «ይቺም የእድሩ ናት።»

ቢቸና ገና አልነቃችም። የሰፈሩ መግቢያ ላይ ሲደርስ መዳፎቹን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ። ውሻ ጮኸ። ከብዙ ጥሪ በኋላ አንዲት ሴት ነጠላዋን እያጣፋች በሯን ገርበብ አደረገች።

«አያ ታደለ፣ ጥሩምባህስ? የእድር ለቅሶ ነው?»

«አይደለም፣ እቴ።»

«እግዜር ያጥናቸው» ብላ፣ ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ፣ በሩን መለሰችው።

እሱም ወደሚቀጥለው ደጅ አለፈ። የሚስቱን ስም ጠራ፤ ቀብሯ በስድስት ሰዓት ጊዮርጊስ መሆኑን ተናገረ። ዕድሜ ልኩን ጥሪውን የሚዘጋባት «ያልመጣ ይቀጣል!» የምትለዋ ቃል እንደ ልማዷ ምላሱ ላይ መጣች። አፉን በነጠላው ያዘ።